«ፍላሹ ባዶ ነው» ሲባል፦ በኮምፒዩተር ውስጥ ስለሚሰወሩ ፋይሎችና ፎልደሮች

ከቀብሪበያ ተነስቶ ጅግጅጋ ለመድረስ 50 ኪሎ ሜትር ያህል መጓዝ ያስፈልጋል። የመመረቂያ ጽሑፉን ለማሳተም፣ የትምህርት ማስረጃውን ለማባዛት ወይም ከመምህሩ ማስታወሻ ለመገልበጥ ይህን መንገድ የሚጓዝ ተማሪ ሥራውን የሚይዘው አብዛኛውን ጊዜ ከቁልፉ ጋር አንጠልጥሎ በሚዞረው ፍላሽ ዲስክ ነው። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ከዚህ የተሻለ አመላላሽ የለም። ፍላሹ በመጀመሪያ በትምህርት ቤቱ ኮምፒዩተር፣ ቀጥሎ በጓደኛ ላፕቶፕ፣ በመጨረሻም በፎቶ ኮፒ ቤቱ ኮምፒዩተር ላይ ይሰካል። ከእነዚህ በአንዱ ላይ ሲከፈት ግን የተለመዱት ፎልደሮች የሉም። በቦታቸው በግራ ማዕዘናቸው ላይ ትንሽ ቀስት ያለባቸው አቋራጮች፣ በተለምዶ ሾርትከት የምንላቸው፣ ተደርድረዋል፤ አንዳንድ ጊዜም መስኮቱ ጭራሹን ባዶ ነው። የሱቁ ሠራተኛ አንድ ጊዜ ተመልክቶ ፍርዱን ይሰጣል፦ «ቫይረስ በልቶታል፤ ፎርማት ይደረግ።»

በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት የምንሞክረው ይህ ፍርድ በአብዛኛው የተሳሳተ መሆኑን ነው። ከቀብሪበያና ከጅግጅጋ አልፎ በአዲስ አበባም ሆነ በባሕር ዳር ሱቆች በየዕለቱ የሚሰማ በመሆኑም ጉዳዩን በጥሞና መመርመር ተገቢ ነው። ቫይረሱ አልበላም፤ ሰውሯል። የተሰወረውን የሚበላው ፎርማቱ ነው።

ይህን ለማረጋገጥ ምንም ዓይነት ልዩ ሶፍትዌር አያስፈልግም፤ መደመር መቻል ይበቃል። በፍላሹ ምስል ላይ የማውዙን ቀኝ ቁልፍ ተጭነው «ፕሮፐርቲስ» የሚለውን ሲመርጡ ምን ያህሉ ቦታ እንደተያዘና ምን ያህሉ ነፃ እንደሆነ የሚያሳይ ክብ ሥዕል ይቀርባል። አንድ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ 3 ጊጋባይት ያህሉ ተይዟል ቢል፣ በመስኮቱ ላይ ግን የሚታዩት እያንዳንዳቸው 1 ወይም 2 ኪሎባይት የሚሆኑ አምስት አቋራጮች ብቻ ቢሆኑ፣ ሒሳቡ አልተዘጋም ማለት ነው። አምስቱ ተደምረው 10 ኪሎባይት እንኳ አያልፉም። የቀረውን ቦታ የያዘው ምንድን ነው?

የፊዚክስ ተማሪዎች ይህን የመሰለ ጥያቄ ያውቁታል። ዩራነስ የተባለችው ፕላኔት በስሌት ከሚጠበቀው መንገዷ ፈንጠር ብላ በመገኘቷ፣ ፈረንሳዊው ለ ቬርዬ ያልታየ ሌላ አካል እየሳባት መሆን አለበት ብሎ ቦታውን በወረቀት ላይ አሰላ። ጀርመናዊው ጋለ እ.ኤ.አ. መስከረም 23 ቀን 1846 ቴሌስኮፑን ወደዚያ ሲያዞር ኔፕቲዩንን ከተባለችው ቦታ ከ1 ዲግሪ ባነሰ ርቀት ላይ አገኛት። የተያዘው ቦታ ለእኛ የዩራነስን ያህል ምስክር ነው። ዓይን ባያየውም የሚመዘን ነገር አለ።

ለመሆኑ አንድ ፋይል ቦታውን ሳይለቅ እንዴት ከዓይን ሊሰወር ይችላል? አነስተኛ ፍላሽ ዲስኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚሠሩት ፋት 32 በሚባለው የአመዘጋገብ ሥርዓት ነው። በዚህ ሥርዓት የፋይሉ ይዘት አንድ ቦታ፣ ስለ ፋይሉ የሚናገረው መዝገብ ደግሞ ሌላ ቦታ ይቀመጣሉ። በመዝገቡ ላይ ለእያንዳንዱ ፋይል ወይም ፎልደር 32 ባይት የሚረዝም አንድ መስመር ይሰጠዋል። (ይህ 32 በሥርዓቱ ስም ውስጥ ካለው 32 ጋር የተገጣጠመው በአጋጣሚ ነው።) ከመስመሩ የመጀመሪያዎቹ 8 ባይቶች ለስሙ፣ ቀጣዮቹ 3 ባይቶች ለስሙ ቅጥያ የተተዉ ናቸው። ረጃጅም ስሞች ተጨማሪ መስመሮችን ይወስዳሉ፤ ይህ ግን ለዛሬው ጉዳያችን አያስፈልገንም። ከስሙ ቀጥሎ የሚመጣው 12ኛው ባይት የፋይሉን ጠባይ ይገልጻል። ከዚያ በኋላ ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ይዘቱ የሚጀምርበት ቦታና መጠኑ ይከተላሉ።

ነገሩ ሁሉ ያለው በ12ኛው ባይት ውስጥ ነው። አንድ ባይት 8 ቢቶች አሉት። እያንዳንዱ ቢት ለአንድ ጥያቄ «አዎ» ወይም «የለም» የሚል መልስ ይሰጣል። ለመነበብ እንጂ ለመለወጥ ካልተፈቀደ 1፣ የተሰወረ ከሆነ 2፣ የሥርዓቱ ንብረት ከሆነ 4፣ የዲስኩ ስም ከሆነ 8፣ ፎልደር ከሆነ 16፣ ከተለወጠ ወዲህ ቅጂ ያልተወሰደለት ከሆነ 32 ይመዘገብለታል። ቁጥሮቹ የ2 ርቢዎች በመሆናቸው ድምራቸው ምንጊዜም የሚፈታው በአንድ መንገድ ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ተራ ፎልደር በ12ኛው ባይቱ ላይ 16 የሚል ቁጥር ይዟል። ቫይረሱ መጥቶ ይህን ቁጥር 22 ያደርገዋል። 22 ከ16፣ ከ4 እና ከ2 ድምር በቀር ሌላ ትርጉም ስለሌለው «ፎልደር ነው፣ የሥርዓቱ ንብረት ነው፣ የተሰወረ ነው» ተብሎ ይነበባል። ተራ የጽሑፍ ፋይል ከሆነ ደግሞ 32 የነበረው 38 ይሆናል። ከዚህ ውጭ የተነካ ነገር የለም። አራት ምዕራፍ ያለው የመመረቂያ ጽሑፍ ፊደል ሳይጎድልበት በነበረበት ተቀምጧል።

በአንድ የመዝገብ ቤት ብንመስለው፣ ዶሴው ከመደርደሪያው አልተነሳም፤ ከመዝገቡ ላይም ስሙ አልተፋቀም። ከስሙ አጠገብ «ለባለጉዳይ አይታይ» የሚል ምልክት በእርሳስ ተደርጎበታል እንጂ። የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ፣ ማለትም ዊንዶውስ፣ ምልክቱን አይቶ «እንዲህ ያለ ዶሴ የለም» ይለናል። መሰወር ፍጥነት ያለው ሥራ የሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው። 4 ጊጋባይት የሚሆን ፊልም ከፍላሽ ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ ደቂቃዎች ይፈጃል፤ ለመሰወር ግን አንዲት አጭር ደብዳቤ ከምትሰወርበት የበለጠ ጊዜ አይወስድም። በሁለቱም ላይ የሚለወጠው ያው አንድ ባይት ነውና።

የመሰወር ችሎታ ወደ ኮምፒዩተር የገባው ለተንኮል አልነበረም። አይ ቢ ኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ከመጀመሪያው የግል ኮምፒዩተሩ ጋር ባቀረበው ዶስ ላይ ኮምፒዩተሩን የሚያስነሱት ሁለት ፋይሎች የተሰወሩ ነበሩ። ዓላማው ተጠቃሚው ሳያውቅ እንዳያጠፋቸው ነው። በዩኒክስ ቤተሰብ የሆነው ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። በዚያ ሥርዓት ስሙ በነጥብ የሚጀምር ፋይል ሁሉ አይታይም። ከዩኒክስ ሰዎች አንዱ የሆነው ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ2012 እንዳስረዳው፣ ይህ ሕግ ታስቦበት የወጣ አይደለም። እያንዳንዱ ፎልደር ራሱን የሚያመለክት «.» እና በላዩ ያለውን የሚያመለክት «..» የተባሉ ሁለት መግቢያዎች አሉት። የፋይል ዝርዝር የሚያሳየው ፕሮግራም እነዚህን ሁለቱን እንዲዘል የፈለገው ጸሐፊ የስሙን የመጀመሪያ ምልክት ብቻ እንዲመለከት አደረገው። በመሆኑም በነጥብ የሚጀምር ማናቸውም ስም አብሮ ተዘለለ፤ ስንፍናው ሕግ ሆኖ ቀረ።

የአንድሮይድ ስልክ መሠረቱ የዚሁ ቤተሰብ አባል የሆነው ሊኑክስ ስለሆነ ይህ ነጥብ ዛሬም በአንባቢው ኪስ ውስጥ እየሠራ ነው። በዋትሳፕ ላይ የተመለከቷቸው የሌሎች ሰዎች ስቴተሶች በስልኩ ላይ የሚቀመጡት ስሙ በነጥብ በሚጀምር ፎልደር ውስጥ ነው። በስልኩ የፋይል ማሳያ ላይ የተሰወሩ ፋይሎች እንዲታዩ የሚፈቅደውን ምርጫ ያበራ ሰው ያገኛቸዋል። የሰው ስቴተስ «አወርዳለሁ» እያሉ ከሚመጡ መተግበሪያዎች መካከል ይህንኑ ፎልደር ከማንበብ ያለፈ ጥበብ የሌላቸው አሉ።

ተንኮለኞቹ መሣሪያውን ያገኙት ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 2000 ዓለምን ያጥለቀለቀው «አይ ላቭ ዩ» የተባለው ትል በኮምፒዩተሩ ላይ ያገኛቸውን ብዙ ዓይነት ፋይሎች በራሱ ቅጂ ይተካቸው ነበር። የኤም ፒ 3 ሙዚቃዎችን ግን አልነካቸውም። ሰውሯቸው በእነሱ ስም የተሰየመ የራሱን ቅጂ በአጠገባቸው አስቀመጠ። ባለቤቱ ዘፈን የከፈተ መስሎት ትሉን ይከፍታል። ዛሬ በየፍላሹ የምናየው የሾርትከት ቫይረስ የዚህ ዘዴ ወራሽ ነው። እውነተኛውን ፎልደር ይሰውርና በስሙና በምስሉ አቋራጭ ይተክላል። አቋራጩ ሲከፈት ሁለት ትእዛዝ ያስፈጽማል፤ አንደኛው ቫይረሱን ወደ ኮምፒዩተሩ ያስገባል፣ ሁለተኛው የተሰወረውን ፎልደር ይከፍታል። ተጠቃሚው የፈለገውን ስላገኘ ምንም አልጠረጠረም። በዚህ ሁኔታ ለሳምንታት በደኅና ሲሠራ ይቆይና ፍላሹን ጸረ ቫይረስ ወዳለበት ኮምፒዩተር ሲወስደው፣ ጸረ ቫይረሱ አቋራጮቹን በትክክል ያጠፋቸዋል። ያኔ መስኮቱ ባዶ ይሆናል፤ ተወቃሹም ጸረ ቫይረሱ ይሆናል!

አሁን ወደ ማየቱ እንለፍ። በዊንዶውስ 11 የፋይል መስኮቱን ከፍቶ «ቪው»፣ ቀጥሎ «ሾው»፣ ቀጥሎ «ሂድን አይተምስ» የሚለውን መምረጥ ነው። በዊንዶውስ 10 «ሂድን አይተምስ» በዚያው በ«ቪው» ሥር ይገኛል። እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ የአምራቹ ድጋፍ በተቋረጠበትና በአንዳንድ ሱቆች አሁንም በሚሠራበት በዊንዶውስ 7 ደግሞ በ«ኦርጋናይዝ» ሥር «ፎልደር ኤንድ ሰርች ኦፕሽንስ» ከፍቶ «ቪው» በሚለው ገጽ ላይ ይገኛል።

ብዙ ሰዎች እዚህ ድረስ መጥተው ምንም ባለማየታቸው ተስፋ ይቆርጣሉ። ምክንያቱ ከላይ ባየነው ቁጥር ውስጥ አለ። ይህ ምርጫ የሚያሳየው 2 ብቻ የተጨመረባቸውን ነው። ቫይረሱ ግን 4ንም ጨምሯል፤ ይህም ማለት ተራውን ፎልደር የሥርዓቱ ንብረት አስመስሎታል። ዊንዶውስ የሥርዓቱን ንብረቶች በሁለተኛ መጋረጃ ይጋርዳቸዋል። ይህን ለመግለጥ በ«ፎልደር ኦፕሽንስ» ውስጥ «ሃይድ ፕሮቴክትድ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ፋይልስ» ከሚለው ፊት ያለውን ምልክት ማንሳት ያስፈልጋል። ዊንዶውስ ማስጠንቀቂያ ያቀርባል፤ ተስማምተው ይለፉ፣ ሥራዎን ሲጨርሱ ግን ምልክቱን ወደ ቦታው ይመልሱ። ያኔ የጠፉት ፎልደሮች ደብዘዝ ብለው ይታያሉ። ምርጫውን ባበሩት ቁጥር በራሱ የሚጠፋ ከሆነ ቫይረሱ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ በሥራ ላይ ነውና ፍላሹን ነቅለው ወደ ሌላ ኮምፒዩተር ይሂዱ።

መታየታቸው ብቻ በቂ ለሆነለት ሰው ፋይሎቹን ወደ ደኅና ቦታ ገልብጦ መጨረስ ይችላል። ምልክቱን ከነአካቴው ለማንሳት ለሚፈልግ ግን በፎልደሩ «ፕሮፐርቲስ» ላይ ያለው «ሂድን» የሚለው ሳጥን ደብዝዞ አልነካም ይለዋል፤ 4 እስካለ ድረስ 2 በዚያ በኩል አይነሳም። መውጫው ከዶስ ዘመን የተረፈው «አትሪብ» የተባለው ትእዛዝ ነው። የዊንዶውስ ቁልፍንና «አር»ን አብረው ተጭነው «ሲ፣ ኤም፣ ዲ» የሚሉትን ሦስት ፊደላት ይጻፉና «ኢንተር» ይበሉ። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት «ኤ፣ ቲ፣ ቲ፣ አር፣ አይ፣ ቢ» ብለው ይጻፉ። ከዚያ በመካከላቸው ክፍት ቦታ እየተዉ የመቀነስ ምልክትና «ኤች»፣ የመቀነስ ምልክትና «ኤስ»፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሰረዝና «ኤስ»፣ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሰረዝና «ዲ» ያስከትሉ። መጨረሻ ላይ የፍላሹን መለያ ፊደል፣ ለምሳሌ «ኤፍ»ን፣ ሁለት ነጥብ፣ ወደ ግራ ያዘነበለ ሰረዝና ኮከብ ይጨምሩ። የመቀነስ ምልክቶቹ ቃል በቃል የሚቀንሱ ናቸው፤ «ኤች» 2ን፣ «ኤስ» 4ን ይቀንሳል፤ 22 ተመልሶ 16 ይሆናል። ባለ ሰረዞቹ ደግሞ ትእዛዙ በየፎልደሩ ውስጥ ያለውን ሁሉ፣ ፎልደሮቹንም ጭምር እንዲያዳርስ ያደርጉታል። የፍላሹን መለያ ፊደል በጥንቃቄ ያረጋግጡ። ይህን ትእዛዝ ዊንዶውስ ራሱ በተጫነበት በ«ሲ» ላይ ማስኬድ አይገባም፤ እዚያ የተሰወረው በምክንያት የተሰወረ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት ተመራቂ ትእዛዙን በትክክል ጽፋ ከጨረሰች በኋላ አሁንም ሥራዋ እንደሌለ፣ አዲስ የታየው ነገር ስም የሌለው አንድ ፎልደር ብቻ እንደሆነ ነግራኝ ነበር። ቫይረሱ መስሏት ልታጠፋው ጣቷን አንስታለች። ከእነዚህ ቫይረሶች አንዳንዶቹ በፍላሹ ላይ ያለውን ሁሉ ሰብስበው ስሙ በማይታይ ምልክት የተጻፈ አንድ ፎልደር ውስጥ ከተው እሱን ብቻ ይሰውሩታል። የአራት ዓመት ሥራዋ እዚያ ውስጥ ነበር።

ዊንዶውስ ያለበት ንጹሕ ኮምፒዩተር ለማግኘት ለሚቸገር ሰው አንድ ቀላል መንገድ አለ። ሊኑክስ የሚሰውረው በነጥብ የሚጀምረውን እንጂ የ12ኛውን ባይት ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም። ስለዚህ ለፍላሽ ማያያዣ የሚሆነውን ኦ ቲ ጂ የተባለ አጭር ገመድ ያገኘ ሰው ፍላሹን በአንድሮይድ ስልኩ ላይ ቢሰካ፣ በሱቁ ኮምፒዩተር ላይ ጠፍተው የነበሩት ፎልደሮች በአብዛኛው ያለ ምንም ትእዛዝ ይታዩታል። ለዊንዶውስ የተጻፈው ቫይረስም በስልኩ ላይ ሊሠራ አይችልም። አቋራጮቹን ሳይነኩ ፎልደሮቹን ወደ ስልኩ መገልበጥ ነው። ፎርማት ማድረግ የሚመጣው ከዚህ በኋላ፣ የተገለበጠው መከፈቱ ከተረጋገጠ ብቻ ነው። ከፎርማት በኋላም ቢሆን ፍላሹ ወደዚያው የታመመ ኮምፒዩተር ከተመለሰ ነገሩ ከመጀመሪያው ይጀምራል።

በመደመሩ ፈተና ላይ የተያዘው ቦታ ባዶ ሆኖ ቢገኝስ? ያኔ ጉዳዩ የመሰወር ሳይሆን የመሰረዝ ነው። በፋት ሥርዓት አንድ ፋይል ሲሰረዝ የስሙ የመጀመሪያ ባይት ወደ 229 ይለወጣል፣ ቦታውም ነፃ ተብሎ ይመዘገባል፤ ይዘቱ ግን ሌላ ነገር እስኪጻፍበት እዚያው ይቆያል። ፈጣኑ የፎርማት ዓይነትም ይዘቱን ሳይሆን መዝገቡን ነው የሚያጸዳው። ስለሆነም በስሕተት ፎርማት በተደረገ ፍላሽ ላይ አንድም አዲስ ፋይል ሳይጽፉ ወደ መልሶ ማግኛ ሶፍትዌር የወሰዱ ሰዎች ብዙውን ሥራቸውን ሊያገኙ ይችላሉ። «ፍላሹ ይሠራ እንደሆነ እንየው» ብሎ ፊልም መጫን ግን በመቃብሩ ላይ ቤት መሥራት ነው።

ከዚህ ሁሉ የጠለቀ መሰወርም አለ። ማርክ ረሲኖቪች የተባለው የዊንዶውስ ጠቢብ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 2005 እንዳጋለጠው፣ ሶኒ ቢ ኤም ጂ የተባለው የሙዚቃ ኩባንያ በአንዳንድ ሲዲዎቹ ላይ የጫነው መከላከያ የሥርዓቱ እምብርት ውስጥ ገብቶ ስማቸው በአንድ የተወሰነ ምልክት የሚጀምር ፋይሎችን ሁሉ ይደብቅ ነበር። በዚህ ጊዜ ምልክት የተደረገው በመዝገቡ ላይ አይደለም፤ የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ ራሱ እንዲዋሽ ተደርጓል እንጂ። ሌሎች ቫይረሶችም ስማቸውን በዚያው ምልክት እየጀመሩ ከጥላው ሥር ተጠለሉ። የሚዋሽ ሠራተኛ ባለበት ቤት «የተሰወረው ይታይ» የሚለውን ምርጫ ማብራት ዋጋ የለውም፤ ኮምፒዩተሩን ከሌላ ዲስክ አስነስቶ ማየት ያስፈልጋል። ለተራው የፍላሽ ችግር ግን እዚህ ድረስ መሄድ አይኖርብንም።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል መምህራን ካሉ አንድ ነገር ልጨምር። በትምህርት ቤት የጋራ ኮምፒዩተር ላይ የፈተና ረቂቅን በ«ሂድን» ፎልደር ውስጥ ማስቀመጥ የተለመደ ነው። እዚህ ድረስ ያነበበ ተማሪ ያን ፎልደር በአምስት ሰኮንድ ይከፍተዋል። ሰቨን ዚፕን በመሰለ ነፃ ሶፍትዌር በይለፍ ቃል የተቆለፈ ፋይል ግን የሚለወጠው 12ኛው ባይቱ ሳይሆን ይዘቱ ራሱ ስለሆነ፣ ያየው ሁሉ አያነበውም። የፋይል ስሞችንም የሚቆልፈው ምርጫ ለብቻው ምልክት ካልተደረገበት ግን፣ ይዘቱን መክፈት ያልቻለው ተማሪ ቢያንስ «የ12ኛ ክፍል ፊዚክስ የመጨረሻ ፈተና» የሚለውን ርዕስ ያነባል።